በስምሽ የሠራሁበት ክረምት

ካርቱም፣ ጀብራ
ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውድ ዘርፈሽ፣

ከሄድሽ ወር ሊሞላሽ ነው። ጁባ ሙቀቱ እንዴት ነው? እዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ስለጀመረ አልጋዬን ከግቢ ወደ ቤት አስገብቻለሁ። ያንቺ አልጋ ባዶውን ነው። አከራያችን ሌላ ሰው ላስገባበት እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ እኔ እስካሁን እሺ አላልኳትም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ምን እንዳደረግሁሽ ታውቂያለሽ። ለምን እንዳደረግሁት ግን አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም። ቀንቼብሽ ነው። ሴት በሴት የምትቀናው በወንድ ወይም በመልክ ይመስላቸዋል ሰዎች። እኔ የቀናሁብሽ ጌት በምትባል የእንግሊዝኛ ግስ ነው።

የዓርብ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሽ ወልደሥላሴ ያቺን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማሩንን ጁምዓ አልረሳውም። ግቢያቸው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠናል። ባሕሪ ሰፈር ከሚሠሩበት የፍሪጅ መጠገኛ ያመጡትን የተበላሸ ፍሪጅ በር ግድግዳ አስደግፈው እንደ ሰሌዳ ይጽፉበታል።

«ይቺ ግስ ሦስት ፊደል ብቻ ናት» አሉ፣ «ግን ያለ እሷ እንግሊዝ አገር ቀኑ አይመሽም። ማግኘት ናት። መድረስ ናት። መሆን ናት፣ መግዛት ናት፣ መረዳት ናት። ከኋላዋ ትንሽ ቃል ከተለጠፈባት ደግሞ ከአልጋ ትነሳለች፣ ባስ ትሳፈራለች፣ ከባስ ትወርዳለች፣ ከፖሊስ ታመልጣለች።»

አንቺ ከኋላ ሆነሽ «እንግዲያውስ ጌት ሳትሆን ጌታ ናት፣ ጋሼ!» ስትይ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ምን ያስቃታል አልኩ በልቤ። ደብረ ታቦር አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጌት ማግኘት መሆኑን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ አራተኛን አቋርጠሽ የመጣሽ፣ ስምሽን በእንግሊዝኛ ስትጽፊ እንኳ አንድ ፊደል የምትዘይ ልጅ ነበርሽ። እንዲያውም ትምህርቱን እንድትጀምሪ እጅሽን ይዤ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። ከኋላዬ ትመጪያለሽ ብዬ ነበር የወሰድኩሽ።

ከዚያ ያ የቤት ሥራ መጣ። በየሳምንቱ በምንሠራበት ቤትም ሆነ በመንገድ ጌት ስትባል ከሰማን ጽፈን እንድናመጣ። አንቺ ካፉሪ፣ ማዳም ሙሚና ቪላ ውስጥ ነሽ፤ ልጆቿ ሎንደን ተወልደው ያደጉ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚጨቃጨቁ። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ እዚሁ ጀብራ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሐጃ ፋጤን ነው የማስታምመው። ከአፋቸው የሚወጣው «ያ ቢት፣ ጂቢ ሞያ» ብቻ ነው።

አንድ ጁምዓ ተራዬ ደርሶ ባዶ እጄን ቀረሁ። «ጋሼ፣ እኔ ቤት እንግሊዝኛ የሚናገር የለም። ሐጃ ፋጤ ውሃ አምጪ ከማለት ሌላ አያውቁም» አልኩ።

አንቺ ከተቀመጥሽበት ብድግ ብለሽ «እሱም እኮ ጌት ነው፣ ሐሙ! ጌት ሚ ወተር!» አልሽ።

ጋሽ ወልደሥላሴ «ብራቮ!» ብለው በእኔ ስም ጻፉት። አንቺ አጨበጨብሽልኝ። ከልብሽ ነበር፣ ፊትሽን አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ባለሦስት እግሯ ረክሻ ውስጥ አንድም ቃል ሳልናገር የቀረሁት ራሴን አሞኝ አልነበረም። ከራሴ ቤት፣ ከራሴ አሮጊት አፍ፣ እኔ ያልሰማሁትን አንቺ ስለሰማሽ ነው።

እስከ መጋቢት ድረስ ግን ራሴን አጽናናው ነበር። ቤቱ ነው እንጂ ጭንቅላቷ አይደለም፣ እኔም ካፉሪ ብሠራ ከእሷ እበልጣለሁ እል ነበር። መጋቢት ላይ ይህንንም ወሰድሽብኝ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሃያ አንደኛውን ትርጉም ጽፈው ሲጨርሱ ሁላችንም ደክሞናል። አንዱ ልጅ «ይሄን ሁሉ እንዴት ነው በቃል የምንይዘው?» ብሎ አማረረ። አንቺ ጉንጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ ሰሌዳውን ስታዪ ቆየሽና፣

«ጋሼ፣ ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?» አልሽ። «ካልነበሩበት መድረስ ነው። ቤት ደረስኩ ሲል ቤቱ አልነበረም። ደከመኝ ሲል ድካም ውስጥ አልነበረም፣ አሁን ደረሰበት። ገባኝ ሲልም ነገሩ ዘንድ አልነበረም፣ ደረሰ። ደብዳቤ አገኘሁ ሲል ደግሞ ደብዳቤው ነው እሱ ዘንድ የደረሰው።»

ጋሽ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አስተካክለው ሰሌዳውን እንደገና አነበቡት። «ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ አስቤው አላውቅም» አሉ። «ካልነበሩበት መድረስ» የሚለውን በአማርኛ ፍሪጁ በር ላይ ከላይ ጻፉት። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉን ጠርገው ያንን ብቻ ተዉት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሁላችሁ ቀድሜ መጥቼ በሻሼ ጠረግሁት። አንዳንዱ ፊደል ደርቆ እምቢ ሲለኝ ምራቄን ተፍቼ አሸሁት። አንቺ መጣሽ፣ ባዶውን ሰሌዳ አየሽ፣ ደብተርሽን አወጣሽ። ባለመጠየቅሽም አናደድሽኝ። እኔ ብሆን ማን አጠፋው ብዬ ግቢውን እገለባብጠው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ወልደሥላሴ እህታቸው ታማባቸው ጎንደር ለመሄድ ሲነሱ ትምህርቱ ተቋረጠ። ገዳሪፍ ከሚሄደው ባስ ላይ ሆነው ደወሉልኝ። ያንቺ ስልክ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ ነበር።

«ሐመልማል፣ ለዘርፈሽ ንገሪያት። ባሕሪ አንድ ክሊኒክ አዲስ ህንድ ዶክተር መጥታለች። አረብኛ አትችልም፤ ሐበሾቹ ሴቶች ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም። አስተርጓሚ ትፈልጋለች። የዘርፈሽን ስም ሰጥቻታለሁ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ትጠብቃታለች። አደራ እንዳትረሺ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። አልረሳሁም። ሐሙስ ማታ ከካፉሪ መጥተሽ አብረን እራት በላን። ማዳም ሙሚና እንዴት እንደምትጮህ በእጅሽ እያሳየሽ አሳቅሽኝ። ዓርብን አብረን ዋልን። ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። «ዘርፌ» ብዬ ጀምሬም ነበር። «ምን?» አልሽ። «ጨው አቀብይኝ» አልኩሽ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዶክተሯ ከወረቀቷ ቀና ብላ «ዘርፈሽ?» አለችኝ። ይቅርታ፣ እሷ አልተመቻትም፣ እኔ ጓደኛዋ ነኝ ለማለት ነበር መንገድ ላይ የተለማመድኩት። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ብዬው ነበር። ጠየቀችኝ፤ እኔም «የስ» አልኩ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። አንቺን ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሥራ አግኝቻለሁ አልኩሽ። አቅፈሽኝ «ከሐጃ ፋጤ ሽንት ተገላገልሽ!» አልሽ።

እዚያ ደስተኛ ነበርኩ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ነጭ ጋዋን ሰጡኝ። ነርሷ ሀዋ ሻይ ስታፈላ ለእኔም ትቀዳለች። ያገራችን ልጆች ወረፋ ላይ ሆነው «አስተርጓሚዋ መጣች» ሲሉ እሰማለሁ። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ስንት ቀን ሆነሽ፣ የት ላይ ያምሻል፤ አብዛኛው ያንን ነው፣ ያንን እችላለሁ። የማልችለው ሲመጣ ግን አልጠይቅም። አንቺ ብትሆኚ ጥርስሽን ብልጭ አድርገሽ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ትያት ነበር። እኔ እንደሱ ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልገባኝም ማለት ያሳፍረኛል። እገምታለሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሰርክአዲስ መጣች። ያገርሽ ልጅ መሆኗን ያኔ አላወቅሁም። ብስኩት ፋብሪካ ስታሽግ የምትውል፣ ወገቧን የሚያማት፣ ለወገቧ ከሱቅ የማስታገሻ ክኒን ገዝታ በቀን አራት አምስት የምትውጥ። ሆዴን ያቃጥለኛል ብላ ነው የመጣችው። ዶክተሯ ክኒኑን ከእጇ ተቀብላ አየችውና በኃይል ራሷን ነቀነቀች። «ሺ ማስት ጌት ኦፍ ዚዝ ታብሌትስ» አለች።

ጌት ኦፍ። ጋሽ ወልደሥላሴ መውረድ ነው ብለው አስተምረውናል፤ ከባስ መውረድ። ክኒን ከምን ይወርዳል? ዶክተሯ እያየችኝ ነው። ሀዋ እያየችኝ ነው። ሰርክአዲስ አፌን እየጠበቀች ነው።

«ክኒኑን በደንብ አውርጂው ነው የምትልሽ» አልኳት። «ጉሮሮሽ ላይ እንዳይቀር፣ በብዙ ውሃ።»

«እሺ የኔ እህት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ዶክተሯ የጻፈችላትን ሽሮፕ ይዛ፣ ክኒኑንም ወደ ቦርሳዋ መልሳ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምን እንደሆነ አንቺም ነበርሽበት። በዚያ ቅዳሜ ዝናቡ ያመጣው ጎርፍ የክሊኒኩን በር ሞልቶት፣ አንቺና ጎረቤቷ ሰርክአዲስን በሁለት ወገን ደግፋችሁ ጭቃውን እያቋረጣችሁ ስትገቡ በመስኮት አየሁሽ። ሻሽሽ ላይ የተፋችው ደም ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም። አንቺ ስላየሽኝ፣ ጋዋኔን ስላየሽው ነበር። ጽዳት ጋዋን አይለብስም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ሀዋ ከውስጥ «ዘርፈሽ! ተዓሊ ሰሪዕ!» ብላ ተጣራች። ቶሎ ነይ ማለቷ ነው። ሁለታችንም ዞርን።

አንቺ ሀዋን አየሽ፣ እኔን አየሽ። ፊትሽ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ዓይንሽን ከእኔ አንስተሽ ሰርክአዲስን አልጋው ላይ አጋደምሻት።

ዶክተሯ ክኒኑን ሰርክአዲስ ቦርሳ ውስጥ ስታገኝ ጮኸች። ተናግሬያለሁ፣ ጌት ኦፍ ብያለሁ፣ ለምን ዋጠችው አለች። አንቺ ወዲያው ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለሽ፣

«ሰርኬ፣ ክኒኑን ተይው፣ አቁሚው ብላሽ አልነበረም እንዴ?» አልሻት።

«አውርጂው ነው ያለችኝ» አለች ሰርክአዲስ። ድምፅ አልነበራትም፤ በዓይኗ ነው ወደ እኔ ያመለከተችው። «በብዙ ውሃ ብላኛለች።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ያልኩትን ሰምተሻል። «ሺ ኖት አንደርስታንድ» አልኩ። በደም የተነከረችውን ልጅ፣ እሷ ናት ያልገባት አልኩ። በስምሽ መግባቴን አንድ ቀን ትረሺው ይሆናል። ይቺን ግን እኔ አልረሳትም።

አንቺ በዚያ በተሰባበረ ነገር ግን በማይፈራ እንግሊዝኛሽ ለዶክተሯ አስረዳሻት። በእኛ ቋንቋ መውረድና ክኒን ማውረድ ከአንድ ግስ እንደሚወጡ፣ አስተርጓሚዋ ክፉ አስባ ሳይሆን ቃሉ እንዳሳታት። ዶክተሯ በመገረም አየችሽ። ስምሽ ማን ነው አለችሽ።

«ሐመልማል» አልሻት።

ሰርክአዲስን ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ሲመጣ ተከትዬሽ ወጣሁ። ስትሰድቢኝ እሰማለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ስድቡን ፈልጌው ነበር።

«ከባስ መውረድ መስሎሽ ነው አይደል?» አልሽኝ።

«አዎ።»

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር፣ ሐሙ።» መኪናው ላይ እግርሽን አነሳሽ፣ ከዚያ ዞር ብለሽ «ስሜን ስትጨርሺ መልሺልኝ» አልሽ።

ሰርክአዲስ ዘጠኝ ቀን ተኛች። አራቱን ቀንና ሌሊት አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ረመዳን ነበር፣ ማዳም ሙሚና በየማታው ለፉጡር፣ ለጾም ማፍቻው፣ ሃያ እንግዳ ትጠራለች። በአምስተኛው ቀን ካፉሪ ስትመለሺ ልብሶችሽን በፌስታል አድርጋ በር ላይ «ኻላስ፣ በቃ» አለችሽ። በእኔ ስህተት ሥራሽን አጣሽ፣ እኔ ግን ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ሆስፒታሉ አንድ ቀን ብቻ መጥቼ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ሰርክአዲስን ገንፎ ስታጎርሺያት፣ አፏን ስትጠርጊላት አየሁና መግባት አቃተኝ። ምን ተሰማሽ ብትይኝ፣ ቀናሁ። እንኳን እንግሊዝኛሽ፣ ደግነትሽም አስቀናኝ።

መስከረም ላይ ጋሽ ወልደሥላሴ ተመልሰው «እሺ ዘርፈሽ፣ የክሊኒኩ ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉሽ እኔም እዚያው ነበርኩ። አንቺ «ጋሼ፣ አልተመቸኝም፤ ለሐሙ ለቀቅኩላት» አልሻቸው። እሳቸው አመኑሽ። «ጥሩ ጓደኛ ነሽ» አሉሽ። እኔ እዚያ ተቀምጬ፣ በአንቺ ተሸፍኜ፣ የተሸፈንኩበትን ጨርቅ ጠላሁት።

ጁባ አዲስ አገር ሆናለች፣ ቢሮው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ብለሽ ጥቅምት ላይ ስትነሺ «ጥሩ ነው፣ ሂጂ» አልኩሽ። ሻንጣሽን ተሸክሜ ታክሲ ድረስ ሸኘሁሽ፣ አለቀስኩም። ለቅሶው እውነት ነበር። ግን ታክሲው ሲታጠፍ ደረቴ ቀለለኝ። ከእንግዲህ የምለካበት ሰው የለም አልኩ። ይህንንም ማወቅ አለብሽ።

ቅለቱ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ክሊኒኩ ለሠራተኞች ሁሉ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አሠራ። ሀዋ የኔን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ፎቶው የኔ፣ ከሥሩ ያለው ስም ያንቺ። አንገቴ ላይ ላደርገው አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት። ከምሳ በኋላ ዶክተሯ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳት። ሰዋስዉ የት እንደገባ እንጃ። ግን ያልገባትን ስትጠይቀኝ ደግሜ ነገርኳት፣ እኔም ያልገባኝን ጠየቅኋት።

አልጮኸችም። «ያቺ ሐመልማል ያለችው ልጅ ናት ዘርፈሽ?» አለች። አዎ አልኳት። ስለ ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት ካሉት ጋር ተነጋግራ በማግስቱ ጠራችኝ። እኔን ከእንግዲህ አስተርጓሚ አታደርገኝም። ሰርክአዲስ ትሞት ነበር አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ በራሴ ስም መዝገብ እንድይዝ ፈቅዳልኛለች። የአስተርጓሚው ቦታ ያንቺ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሰው ሳትቀጥር ትጠብቅሻለች። «ንገሪያት» አለችኝ።

ይህን ያለችኝ ጥቅምት ሃያ ሰባት ነው። ዛሬ ኅዳር ዘጠኝ ነው።

አሥራ ሁለት ቀን ያዝኩት፣ ዘርፌ። ስልክሽን ቀይረሻል፣ ጁባ የሚሄድ ሰው የለም እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። ግን መለዋወጫ የሚነግደው በለጠ ባለፈው ሳምንት ጁባ ደርሶ ተመልሷል። ከመሄዱ በፊት በዚህ በር አልፎ «ዘርፈሽ የምትሠራበትን ሆቴል አውቀዋለሁ፣ የምትልኪላት ነገር አለ?» ብሎኛል። «የለም» አልኩት። ሻይ አጠጣሁትና ሸኘሁት።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከተጸጸተች ሴት የመጣ መስሎሽ እንዳትሳሳቺ። ብትመጪ በየቀኑ በመስኮት እያየሁሽ እቀናለሁ። ባትመጪ፣ ጁባ ውስጥ ምን ሆነች እያልኩ እቀናለሁ። ከዚህ የተሻልኩ ሰው ሆኜ እስክጽፍልሽ ብጠብቅ ኅዳር ያልቃል። እንደሆንኩት ሆኜ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ነይ። አልጋሽ ላይ ሰው አላስገባሁም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሰርክአዲስም ድናለች፣ ፋብሪካውን ትታ እዚሁ ጀብራ ልብስ ትሰፋለች፤ መቼ ትመጣለች እያለች ትጠይቀኛለች።

በለጠ ዛሬ ማታ ይበራል። ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሼ በኋላ አመጣልሃለሁ ብለው እንደማላመጣለት ራሴን ስለማውቅ፣ ይህን አራተኛውን ሳልጀምር ነው የጠራሁት። በር ላይ ቆሟል። ፀሐዩ መትቶታል፣ ሁለት ጊዜ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሐመልማል» ብሎኛል። ሦስተኛውን ሳይል እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ።

ቀናተኛዋ ጓደኛሽ፣
ሐመልማል